የተገለበጠው በረት

ወዳጄ አናጢው፣

የበሩን መቃን እንዳታቆም። ስልክህ እንደ ልማዱ አይነሳምና በዚህች ብጣሽ ካርድ ልጩህ።

የአያትህን በረት የሚያሳየውን ዋናውን የውሃ ቀለም ሥዕል ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ በዓይኔ አየሁት። የጭቃው ግድግዳ፣ የዘመመው ጣሪያ፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ኩሬ ሳይቀር አለ። በሩ ግን በስተግራ ነው። አምና የላኩልህን፣ አሁንም ከዚህ ጽሑፍ ጀርባ የምታየውን ካርድ ያተሙት ሰዎች ሥዕሉን ግራና ቀኙን ገልብጠውታል። እንዳይነቃባቸው ይመስል የሠዓሊውን ፊርማም ቆርጠው ጥለውታል። እኛ ደግሞ ይህንኑ አምነን በረቱን እንደገና ልንሠራ መሠረት ቆፈርን።

ካርድ ሻጯን ላስረዳት ብሞክር፣ "ጋሼ፣ በረት ያው በረት ነው፤ በሩ ግራ ሆነ ቀኝ ላሟ ምን ቸገራት?" አለችኝ።

"ዝናቡ የሚመጣው ከቀኝ ነው፤ እስቲ ላሟን ጠይቂያት" አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። መስታወት ፊት ይዘህ እንድታየው ብዬ ካርዱን ገዛሁት።

የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። እናትህ "ለማለብ ስሄድ በሩ በግራ እጄ ነበር" ሲሉ፣ "እማማ፣ እርጅና ነው፤ ማስረጃው እዚህ አለ" ብዬ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። ለእማማ ሰላምታ አይበቃም፤ መጥቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ። እስከዚያው በሩን እሳቸው ቆመው በሚያሳዩህ ቦታ ትከለው።