አውራ ዶሮዬ ሴናተርና እጩው ጎረቤታችን

ሴፕቴምበር 9
ዛሬ ምንም የለም። ትምህርት ቤት... ዶሮ ቤት መጥረግ... የትናንት ሾርባ።
ጎረቤታችን ሚስተር ፔልቲየር ለኒው ሃምፕሻየር ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። አያቴ የምርጫ ሰሌዳውን ተቀብሎ በራችን ላይ ተከለ። «መንግሥት ከግቢዎ ይውጣ! የመንደሩን ጉዳይ መንደርተኛው ይወስን!» ይላል። «ወንድ!» አለ አያቴ። ሰውዬው በመስኮት ግቢያችንን ሲቃኝ ነው የሚውለው... መጀመሪያ እሱ ይውጣ!

ሴፕቴምበር 20
ከዋና ከተማ ተቆጣጣሪ መጣ። የሴናተር ጩኸት ሰው ረብሿል ተብሎ ተከሷል። ከምርጫው በፊት ካላስወገድነው ይወስዱታል። ሴናተርን! ከጫጩትነቱ ጀምሮ ሹራቤ ውስጥ አቅፌ ያሳደግሁትን!
«ማነው የከሰሰው?»
«ስም መናገር አልችልም። ጎረቤት ነው።»
በግራችን ያለው መቃብር ነው። ሙታን ስልክ አይደውሉም። በቀኝ...
ለአያቴ ነገርኩት። «ኦርቪል ፔልቲየር? ኦርቪልማ መንግሥት አይጠራም!» ኧረ አያቴ... ሰሌዳ አንብቦ ሰው የሚያምን።
ላለቅስ ነበር። ንዴቱ እንባዬን አደረቀው።

ሴፕቴምበር 21
ቆይ ብቻ።

ኦክቶበር 5
የቤተ ክርስቲያኑ የባቄላ እራት። እጩዎች እየበሉ ለጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ፀጉሬን አበጥሬ፣ የመልአክ ፊት ለብሼ ተነሣሁ።
«ሚስተር ፔልቲየር፣ ሰው በጎረቤቱ ዶሮ ቢማረር ማን ይወስን? ዋና ከተማው ወይስ መንደሩ?»
ባቄላውን ዋጠ። «የምን ዋና ከተማ! የመንደሩ ዶሮ የመንደሩ ነው፣ ልጄ!»
ጭብጨባ። ጭብጨባ ከሰማ ደግሞ መች ያቆማል... «እንዲያውም አሁኑኑ እጅ እናውጣ!»
እዚህ መንደር እጅ እናውጣ ከተባለ ሹካ ይቀመጣል። የመንደሩን ስብሰባ የሚመሩት ወይዘሮ ሃዘልተን ጠረጴዛውን በማንኪያ መቱ። «ዶሮው የማን ነው?»
«የኔ፣ ሴናተር። ለዋና ከተማ ተደውሎ ተከሰሰብኝ። አንዱ ጎረቤቴ መቃብር ነው። ሌላው...»
አንገት ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።
«ኦርቪል! አንተ ነህ?»
«እኔማ... እንቅልፍ... የጤና ጉዳይ...»
የወይዘሮዋ ማንኪያ እንደገና ጠረጴዛውን መታ። «ዶሮው ይቆይ የምትሉ!»
መጀመሪያ የወጣው እጅ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሚስቱ! «እኔን የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። አንተማ እስከ ሦስት ሰዓት ተጋድመህ!» ሳቁ ጣሪያ ሊነቅል። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ።
«ኦርቪል፣ ያንተስ እጅ?» አሉ ወይዘሮ ሃዘልተን።
አወጣ። ቀስ... ብሎ። እንዴት እንደጣፈጠኝ! ባቄላው አይደለም።

ኦክቶበር 8
ክሱን አንሥቷል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ነው አሉ ያስደወለችው።

ኖቬምበር 7
ፔልቲየር አሸነፈ። አያቴም መርጦታል! «ሐሳቡ ደህና ነው፣ የተበላሸው ሰውዬው ነው» ይላል። ሽማግሌ ግን ምን ይሻለዋል? ሆኖም ሰሌዳውን ከበራችን ነቅሎ ለአዲሱ ዶሮ ቤት ጣሪያ አደረገልኝ። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ወደ ጎረቤት።
ዛሬ ሰውዬው አጥሩ ጋ መጣ። ዓይኑ ሥር አብጧል።
«ዶሮ ቤቱ ወደኛ ተጠጋ ልበል?»
«አዎ ጌታዬ። መኝታ ቤትዎ መስኮት ሥር።»
«ማን ፈቀደልሽ?»
ወደ ጣሪያው ጠቆምኩት። የገዛ ሰሌዳውን አንብቦ ሳይጨርስ ሴናተር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጩኸቱን ጀመረ።