እንደታዘዘው

ጉለሌ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለልጄ ለአበራሽ ደበላ፣
ጎሬ

የሆዴ ልጅ፣ እንዴት ከርመሻል? የጎሬ ዝናብ ያን ክፉ ጉንፋንሽን አልቀሰቀሰብሽም? እኛስ ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ቴሌግራሙ ቀድሞኝ ደርሶሻል። አባትሽ አለ፣ ነፍሱ አለች። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልተመለሱም፤ አንደበቱም እንደተያዘ ነው። የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ “አዎ” ይላል። ራበህ ወይ ስለው አዎ፣ ጠገብክ ወይ ስለው አዎ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር፣ ኋላ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ።

በጥር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ትናንት አውጥቼ አነበብኩት። ያኔ ሐኪሙ “ይሄ መድኃኒት ያልመለሰው ደም ብዛት ነው” ብሎ ሦስተኛ ኪኒን እንደጨመረለት ነግሬሽ ነበር። አንቺም፣ “እማዬ፣ እንዲያ ከመባሉ በፊት አጣሩ። ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ አይለካ፣ መጀመሪያ ይረፍ። የክንዱ ማሰሪያ እንዳይጠበው። ከሁሉ በላይ ግን የተረፈውን ኪኒን ቁጠሪ” አልሽኝ።

ሁለቱን አድርገናል። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ድሬሰር ቶለሳ ሰፊ ማሰሪያ ፈልጎ አመጣ፤ የአባትሽን ክንድ ታውቂው የለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እንጨት የላገ ክንድ ነው። አግዳሚው ላይ ግማሽ ሰዓት አሳርፎ ለካው። ያው ሁለት መቶ ሆነ። ሦስተኛውን ግን አላደረግኩም። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ባሌን ኪኒን እየቆጠርኩ ልፈትሽ? ልጅት ተማርኩ ብላ እናቷን ታዝ ጀመር ብዬ ተናደድኩ። “እንደታዘዘው ይወስዳል፣ በገዛ እጄ ነው የምሰጠው” ብዬ በሁለት መስመር መለስኩልሽ። ውሸት አልነበረም።

ሐኪሙም በሄድን ቁጥር “መድኃኒቱን እንደታዘዘልዎ ይወስዳሉ?” ይለዋል። አባትሽም “አዎ፣ እንደታዘዘው” ይላል። እሱም አልዋሸም። ወረቀቱ “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” ነው የሚለው። ያነበብኩለት እኔው ነኝ፣ አንቺ ባስቆጠርሽኝ ፊደል።

የአባትሽን ጾም አልነግርሽም። መድኃኒት የጀመረው በገና ጾም መግቢያ ነው። ከዚያ ገሃዱ፣ ረቡዑ፣ ዓርቡ፣ ኋላም ሁዳዴ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም፤ የሚበላውም በቀን አንዴ ነው። አንዴ ከበላ ደግሞ “ከምግብ በኋላ” የሚባለው አንዴ ነው፣ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ ከየዓይነቱ አንዳንድ ፍሬ እሰጠዋለሁ። የተረፈውን “ለፍስኩ ይቆየን” ይለኛል፤ እኔም በቅቤ ጣሳው ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሐኪሙ በጨመረልን ቁጥር ጣሳው ይሞላል። አላባከንንም ብለን ደስ ይለን ነበር፣ ልጄ። ደስ ይለን ነበር።

ከደብረ ዘይት በዓል በኋላ በዋለው ረቡዕ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያ ሲልግ መላጊያው ከእጁ ወደቀ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ኪኒኑን በስኒ አዘጋጅቼ እየጠበቅኩ ነበር። ባለ ሱቁ ሸፊ ሱቁን ክፍቱን ትቶ፣ ታክሲ ይዞልን ሆስፒታል አደረሰን።

አሁን የማጎርሰው እኔ ነኝ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ አጥሚት በማንኪያ አቀምሰዋለሁ፣ ኪኒኑንም ፈጭቼ አስከትላለሁ። አንድም አላጎደልኩ። ትናንት ቶለሳ መጥቶ ለካው። ደግሞ ለካ። ከዚያ ፊቱ በርቶ፣ “እማማ ዘርትሁን፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ መቶ ሠላሳ ገብቷል። ያው መድኃኒት እኮ ነው፣ አሁን ምን አግኝቶ ሠራ?” አለኝ። የእኔ ዓይን ወደ ጣሳው ሄደ። ወተት አቅርቤለት ጠጥቶ ሄደ።

እሱ ሲወጣ ጣሳውን አወረድኩና ቆጠርኩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ ነው። ሁለቴ ቆጠርኩት።

አንቺ ነርስ ነሽ፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግርሽም። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትጽፊልኝ፣ ሐኪሙ ልክ ነበር፣ የእሱ ደም ብዛት መድኃኒት የማይመልሰው ዓይነት ነበር በይልኝ። ባይሆንም በይልኝ። ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፣ እኔም እሰማዋለሁ።

ለበሽተኞችሽ ደግሞ መድኃኒት ስትሰጫቸው “ትወስዳላችሁ ወይ?” ብለሽ ብቻ አትለፊ። መቼ መቼ እንደሚበሉ ጠይቂያቸው። እኛን ማንም አልጠየቀንም።

ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሳጥበው አላስችል ብሎኝ፣ “ደበላ፣ እኔ ነኝ ወይ የጣልኩህ?” አልኩት። ዓይን ዓይኔን እያየ “አዎ” አለኝ።

ሌላ ቃል የለውም እኮ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ ሌላ ቃል የለውም።

የእንጦጦዋ ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ቆሞ ይሂድልሽ፤ የእኔ እጅ ያላደረገውን የአንቺ ያድርገው።

እናትሽ ዘርትሁን