የእንግዴ ልጁ ውጤት በልጄ ስም ስለመቆየቱ

ለእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 3

ጉዳዩ፦ ጤነኛ ልጄ በፋይሏም ላይ ጤነኛ እንድትሆን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የከተማ አውቶቡስ ሹፌርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። የክቡርነትዎን ጊዜ ላለመሻማት በአጭሩ አመለክታለሁ።

1. ባረገዝኩ በሦስተኛው ወር ሐኪሜ የፅንሱን ጤንነት ለማወቅ ከእንግዴ ልጁ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን የነገረችኝ ነርስ በኮሪደሩ እያለፈች ነበር፤ ከሕዋሳቱ ከፊሉ ትርፍ ክሮሞዞም አለው፣ ከፊሉ የለውም፣ ይህም ሞዛይክ ይባላል ብላኝ ወደ ምሳዋ ሄደች። ምሳው እንዳልቀዘቀዘባት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

2. ቤት ገብቼ ስናገር አማቴ፣ "ከፊሉ ደህና፣ ከፊሉ ያልሆነ ልጅ በየት በኩል ነው የሚታቀፈው?" አሉኝ። አናጺው ባለቤቴ የጀመረውን የሕፃን አልጋ ወደ ግድግዳ አዞረው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጨውና ስለ በር መዝጋት ካልሆነ አልተነጋገርንም።

3. ሐኪሜ ግን፣ ምስጋና ይድረሳቸውና፣ ትርፉ ክሮሞዞም በእንግዴ ልጁ ብቻ ተወስኖ ሊቀር እንደሚችል አስረድተው፣ የሽርት ውሃው እስኪመረመር ምንም ሳልወስን እንድጠብቅ መከሩኝ። ጠበቅሁ። በውሃው ውስጥ የተገኙት የፅንሱ ሕዋሳት ሁሉም ደህና ሆኑ። ስትወለድ ደሟ ተመርምሮም ያው ሆነ። አልጋው በዚያው ሳምንት አለቀ።

4. ፋይሏ ግን ከመጀመሪያው ውጤት አልተንቀሳቀሰም። የመሥሪያ ቤቴ የሕፃናት ማቆያ የጤና ማስረጃ ቢጠይቅ "የክሮሞዞም ችግር ያለባት" ተብሎ ተጻፈለት፤ አልቀበልም አለ። ችግሩ ቢኖርባትም ሊቀበላት ይገባ ነበር፤ ያ ሌላ አቤቱታ ነው። ልጄን ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ኃላፊው ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ወጥታ ማኅተማቸውን ስትልስ አይተው፣ "ልጅቷስ ደህና ናት፤ የታመመው ፋይሉ ነው" አሉኝ። ፋይል የሚያክመው ኮሚቴ እንደሆነና ኮሚቴውም ገና እንዳልተቋቋመ በትሕትና ገለጹልኝ።

5. ስለዚህ የኋለኞቹ ውጤቶች ፋይሏ ውስጥ እንዲገቡ፣ የመጀመሪያውም የእንግዴ ልጁ መሆኑ እንዲጻፍበት እጠይቃለሁ። እንግዴ ልጁ ክትትል ያስፈልገዋል ከተባለ፣ በወሊዱ ዕለት ለሆስፒታልዎ አስረክቤዋለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ዳግመኛ አርግዣለሁ። ለዚያው ምርመራ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለኝ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚነግረኝ ሰው አስቀምጦኝ፣ እሱም ተቀምጦ፣ ጠይቄ እስክጨርስ እንዳይነሣ እንዲታዘዝልኝ እለምናለሁ።

ከሰላምታና ገና ካላለቀ ትዕግሥት ጋር

አመልካች፦ የልጅቷ እናት
(ፊርማ)