ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ሰሊጥ

ጥቅምት 18፣ ቶኪዮ

ለሥልጠና እዚህ ከመጣሁ ሳምንቴ ነው። ዛሬ ምሳ የበላሁበት ቤት፣ የዶሮው ጥብስ እስኪደርስ ሰሊጥ በትንሽ ሙቀጫ ያቀርባሉ፤ እንግዳው ራሱ ይወቅጠዋል። እኔ ግን መተማ ገበያ ሰሊጥ ስንገዛ እንደምናደርገው መዳፌ ላይ ገለበጥኩና ገለባውን ልለይ እፍ አልኩበት። ገለባ የት አባቱ ይኖረዋል! ፍሬው ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። አስተናጋጇ ሌላ ልታመጣልኝ ስትነሳ በእጄ ከለከልኳት። አንድ በአንድ ለቅሜ ወቀጥኩት።

ማታ አባባ ከመተማ ደወሉ።

«መንገዱ ተዘግቶ አጫጅ ሳይመጣልን ቀረ፤ ሰሊጡ እንደቆመ ረገፈ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንተስ ልጄ፣ ምን በላህ?» አሉ።

«ሩዝና ዶሮ» አልኳቸው። የምሳዬን ሰሊጥ አላነሳሁላቸውም።