የጋሼ ከማል ጀልባ

ሰኞ፣ ኅዳር 7፤ ማታ

የፈተና እርማት። ግማሹ ቀርቷል። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሥራ ያስፈቱኝ አጎቴ ይማም ናቸው። ግሽ አባይ ሰፈር፣ እቤቴ ድረስ መጡ። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ከማል ሚስት ሩቂያ ኢዳዋን ጨርሳለች። እሱ ሰኔ ላይ በጉበት ሕመም ከሞተ ጀምሮ ቤት የተቀመጠችበት ጊዜ አለቀ። ስለዚህ አጎቴ ወስነዋል። ሐይቁ ላይ ሰው ያመላልስበት የነበረው ጀልባ ይሸጣል። ሩቂያን ደግሞ እኔ አገባታለሁ፤ የከማል ልጅ ባዕድ ቤት እንዳታድግ። እኔን አልጠየቁኝም። እሷንም አልጠየቋትም። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ት/ቤት ዋልሁ፤ ልቤ ግን ሐይቁ ላይ ነው። አባታችን ሲሞት ጋሼ ከማል ገና ጢም አላበቀለም። ትምህርቱን ትቶ የአባታችንን ጀልባ ያዘ። እኔም ልተው ስለው ደብተሬን ጉያዬ ውስጥ ወሽቆ እስከ ት/ቤቱ በር እየገፋ ወሰደኝ።

ቁጡ ነበር። ከልክ በላይ ጫን ካሉት ከማንም ይጣላል። አንድ ክረምት ሰው ሞልቶ ከዘጌ ሲነሣ ምጥ የያዛት ሴት ዳር ቀርታ አየ። ዞረ። ተሳፋሪው ተንጫጫ፤ ነፋስ እየመጣ ነው። ወይ ሁለት ሰው ይውረድላት፣ ወይ ሁላችንም እዚሁ እናድራለን አላቸው። ወረዱላት። ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ለቅሶው ላይ መጥታ ነበር።

ሕመሙን ለማንም አልተናገረም። ቢጫ የሆነ ዐይኑን በጥቁር መነጽር ሸፍኖ ይነዳ ነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ጊዜው አልፏል። ሙት አይቆጡትም ይላሉ። እኔ እቆጣዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሩቂያ ዘንድ ሄድሁ። የአጎቴን ሐሳብ ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፦ «ሰይድ፣ አንተ ለኔ ወንድሜ ነህ። ባል አልፈልግም። ጀልባውን ተዉልኝ።»

ማን ይነዳልሻል አልኋት።

«ራሴ። እሱ አስተምሮኛል።»

ለካ ሲታመም፣ መሪው ሲከብደው፣ ባዶውን ሲመለሱ የምትነዳው እሷ ኖራለች። ሌላ ጀልባ ሲቀርብ ቦታ ይለዋወጣሉ። ለኔ አልነገረኝም። ከፋኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። እሱ ነዋ።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ነዳች። በዐይኔ አየሁ። ሞተሩን አስነሥታ ጀልባውን ከእምቦጭ አረሙ መሀል ቀስ አድርጋ አወጣችው። ማዕበሉ ሲነሣ ጎኑን አትሰጠውም፤ ፊት ለፊት ትገጥመዋለች። እኔ ግን ጠርዙን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ነው የተመለስሁት።

የጀልባ ተራ የሚያስከብሩት ጋሽ አራጋው ከዳር ሆነው ሲያዩ ነበር። መንዳቱንስ ትችላለች አሉ። ግን ሰው ይሰጋል፤ ከቤተሰቡ አንድ የሚቆምላት ይኑር። እኔ እቆማለሁ አልኋቸው። ይማምስ? አሉኝ። እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ለአጎቴ ነገርኋቸው። ጀልባው አይሸጥም፤ ሩቂያን አላገባም፤ የምትነዳው እሷ ናት። ሴት ሞተር ይዛ ሐይቅ ለሐይቅ፣ ስማችንን ልታስጠፋ ነው ወይ አሉ።

«ከማል ቢኖር ይኸን ይፈቅድ ነበር?»

«ያስተማራት እሱ ነው፣ አጎቴ።»

ደጄን እንዳትረግጥ አሉኝ። ወጣሁ። መንገድ ላይ ከአንድ ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጥሁ። ማታ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኋት። ሰምታኝ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19፤ ጀልባው ዳር

የመጀመሪያው ደርሶ መልስ አለቀ። ማስታወሻዬ፣ ሳይበርድ ልጻፈው።

ማለዳ ሩቂያ ከሞተሩ ዘንድ ተቀምጣለች። ተሳፋሪው ዳር ቆሞ ያያል። አንዱ ነጂው የት አለ አለ። ነጂዋ እኔ ነኝ አለችው። ሰዉ ወደ ሌላው ጀልባ ማየት ጀመረ። ጋሽ አራጋው ተራው የዚህ ነው አሉ። የተነቃነቀ የለም። ሩቂያ አንገቷን አልደፋችም። እኔ ነኝ የደፋሁት።

እናቴ መጣች። አልጠራናትም። ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ ሰዉን ሰንጥቃ፣ ትከሻዬን ተደግፋ ገባች። ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የልጄ ጀልባ ነው፤ የልጄ ሚስት ናት። ምን ትጠብቃላችሁ?»

አንዲት ቡና ነጋዴ ዘንቢሏን አቀበለችኝ። ገባች። ከዚያ ሌሎቹ። እናቴ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ ዞራ ሩቂያን ስታይ ነበር። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም።

አጎቴ አልመጡም። ለዒድ ደጃቸው ሄጄ እቆማለሁ። ካላስገቡኝ ለሚቀጥለውም እሄዳለሁ። በጀልባው ነገር ግን ወደ ኋላ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ የሩቂያ ገመድ ያዥ እኔ ነኝ። ለት/ቤቱም እነግራለሁ፤ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርቱን ሌላ ሰው ይያዘው። ሩቂያ እየጠራችኝ ነው፤ ተራችን ደርሷል፣ ሰዉም እየገ—