ዱጋሳ ሰላምታ የነፈገ ዕለት

ለናፈቅሽኝ ልጄ ለመቅደላዊት፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከነገሌ ሙቀትና ከአባትሽ ግጥም በቀር ክፉ አልነካንም፤ ተመስገን።

አባትሽ እንደምታውቂው ነው፤ አንድም ቀን ከክፍል አይቀርም። አሁን ግን ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እሱ በቃሉ እየነገረ ያስጽፋቸዋል። «ጠመኔ ያስነጥሰኛል» ነው ሰበቡ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ በባለሱቁ በአብዱባ በር ላይ ግመል ታስሮ ነበር። አባትሽ ባርኔጣውን አንሥቶ «አካም፣ ናጋ?» አለው። የዚህ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅምና ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን አከታትሎ ጠየቀው። ግመሉ ያመነዥካል። አብዱባ ሳቁን ሊደብቅ ጓዳ ገባ። አባትሽ ግን ተቀይሞ መጣና «ያ ያስተማርኩት ረጅሙ ዱጋሳ፣ ማስቲካ እያኘከ ዘጋኝ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፉ ግጥም አሰማ፦

ፊደል አስቆጥሬው ቁመቱ ቢረዝም፣
ሰላም ስለው ዛሬ እያኘከ አለኝ ዝም።

የግመሉን ወሬ ያልሰማ ተማሪ አልነበረም፤ አንድም ግን አልሳቀም። አጨበጨቡለት።

ማምሻውን ዱጋሳ ራሱ ስኳር ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፤ ሐሳብ ወስዶኝ ነው» ብሎ ጉልበቱን ሳመ። አባትሽም ይቅር አለውና ስለ ትሕትና ረጅም ምክር መከረው። እኔ ስኳሩን ላስቀምጥ ጓዳ ገብቼ ቶሎ አልወጣሁም።

ለፋሲካ ስትመጪ አባትሽ «መናኸሪያ ድረስ ሄጄ እቀበላታለሁ» ብሏል። ከመኪና ስትወርጂ ቆመሽ ፈገግ አትበይለት፤ ገና ከሩቅ «አባዬ» በይው።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ በደህና ያግባሽ።

እናትሽ ሐረገወይን