የአባባ ፒንሳ

ወንድሜ መርል ሆይ፣ ዴንቨር እንዴት ይዛሃለች? እኛ የነብራስካ ሰዎች፣ ነፋሱ አላስቆም ቢለንም፣ ደህና ነን። የሕዝብ ቆጣሪዋ ስትመጣ «ወንድሜ ይመለሳል» ብዬ አንተንም እንደ ወትሮው አስቆጠርኩህ። ካንተ ጋር ካውንቲያችን አራት መቶ ስድስት ሰው ሆነ።

በመሬቴና በመሬትህ መካከል ያለውን የድንበራችንን አጥር፣ «እያንዳንዱ ከመሐል ተነስቶ በቀኙ ያለውን ይጠግን» በሚለው በአያታችን ደንብ የእኔን ድርሻ ጠገንኩ። ያንተንም ድርሻ በየዓመቱ እንደማደርገው ልጠግንልህ ስሻገር፣ አንድ የማላውቀው ሰው ሽቦ ሲወጥር አገኘሁ።

«አርሊስ እርስዎ ነዎት መቼም! ይተዉት፣ ይሄ ከእንግዲህ የእኔ ሥራ ነው» አለኝ እየሳቀ።

በእጁ የያዘው፣ ከቀብሩ ስንመለስ «መታሰቢያዬ ነው» ብለህ የወሰድከውን የአባባን ፒንሳ ነው።

ጠፍቶብህ ከሆነ አትፈልገው፤ እዚህ አለ።

ጤናውን ይስጥህ።
እህትህ አርሊስ